ከአግዳሚው በታች

ስሙን በማልጠራው ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የቁመት ለኪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስሙን የማልጠራው ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ጡረታዬን የሚሰጠኝ እሱው ከተማ ስለሆነ ውለታ ቢስ መባል አልፈልግም።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ቋሚዎች ተተክለዋል፤ በእነሱ ላይ አንድ አግዳሚ ተጋድሟል፤ ከአግዳሚው ሥር ደግሞ የበግ አንገት ላይ እንደሚታሰረው ያለ ትንሽ ቃጭል ተንጠልጥሏል። አባቱ ቀለብ የከለከለው ልጅ ሁሉ በእናቱ እጅ ተይዞ ይመጣል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ከአግዳሚው ሥር ይቆማል። ራሱ ቃጭሉን ካልነካ «ገና» እላለሁ፤ እናትየዋ አቤቱታዋን ይዛ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። ቃጭሉ ከጮኸ «አለቀ» እላለሁ፤ እናትየዋ ልጇን ይዛ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። በሥራ ሰዓት ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ቃል እንድናገር አይፈቀድልኝም ነበር። ለነገሩ ሌላ ቃልም ብዙ አልነበረኝም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ልጁን ጥሎ የሄደ አባት ቀለብ እንዲሰጥ ይወሰንበታል። ሳይሰጥ የቀረው ውዝፍ ከወር ወር ይከማችበታል፤ እናትየዋም በፈለገችው ቀን መጥታ ልትጠይቀው ትችላለች። ይህ ሁሉ ግን የልጁ ራስ አግዳሚውን እስኪነካ ድረስ ነው። ከነካ በኋላ የወደፊቱም ውዝፉም አብሮ ይሰረዛል። ሕግ አውጪዎቹ ምክንያታቸውን አልደበቁም፤ ግድግዳው ላይ ጽፈው ሰቅለውታል። ልጅ ሳይበላ አያድግም፤ ይህ ልጅ አድጓል፤ ስለዚህ በልቷል፤ የበላ ልጅ ደግሞ የቀረበት ነገር የለም ይላል። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ይህንን አንብቤ፣ እንዴት ያለ የጠራ ሐሳብ ነው ብዬ ነበር። ወጣት ነበርኩ።

ሌላ አገር ይህንን ጉዳይ በዓመት ቆጥረው ይዘጉታል አሉ። የእኛ ሰዎች ግን ዓመትን አያምኑም። ሰው ዕድሜውን ይዋሽ ይሆናል፤ ቁመቱን ግን የት ይደብቀዋል ይሉ ነበር። እማዋይሽ የምትባል ሴት እስክትመጣ ድረስ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

እማዋይሽ ቃጫ እየፋቀች ገመድ ገምዳ የምታድር ሴት ነበረች። መጀመሪያ ያየኋት ልጇን ዘርትሁንን አዝላ ነው፤ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አባትየው አሰጋኸኝ የጣውላ ነጋዴ ነው፤ በከተማው በቁመቱ የታወቀ፣ በየሰው ቤት ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው። በወር ሁለት ቁና እህል እንዲሰጥ ተወሰነበት። አንድ ቁና አልሰጠም። እማዋይሽ ልትከሰው ስትል ከሳሽ መጀመሪያ «ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ከፈላጊው ማምጣት አለባት ተባለች።

ፈላጊው ከእኔ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የሚቀመጥ ሹም ነው፤ ሥራው የጠፉ አባቶችን መፈለግ ነው። እማዋይሽ አሰጋኸኝ ከቤቷ ሁለት መንገድ አልፎ እንደሚኖር፣ መጋዘኑም ከገበያው በር ፊት ለፊት እንደሆነ ነገረችው። ሰውየው በትዕግሥት አስረዳት።

«እኔ እኮ የምፈልገው የጠፋ ሰው ነው። እሱ የት እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ያልጠፋ ሰው እንዴት ብዬ ላግኝልሽ? ሲጠፋ ነይና ንገሪኝ።»

እሷም ይጠፋ እንደሆነ ብላ ጠበቀች። አሰጋኸኝ ግን የሚጠፋ ዓይነት ሰው አልነበረም። ሠርግ ላይ አለ፣ ለቅሶ ላይ አለ። የፍርድ ቤቱን አግዳሚ ነቀዝ በልቶት በወደቀ ጊዜ አዲስ እንጨት በነፃ የሰጠው ራሱ አሰጋኸኝ ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው በሁለት ጣት ይወፍር ስለነበር ቃጭሉ በሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ። ቢሮው የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤውን ቤቱ ድረስ ወስዶ በእጁ የሰጠው ፈላጊው ነበር።

እማዋይሽ በየዓመቱ እየመጣች፣ ልጇን እያስለካች፣ አቤቱታዋን እያሳደሰች ደጅ ጠናች። እንደሷ ያሉት እናቶች ብዙ ስለነበሩ ከደጃፌ ተሰልፈው ሲጫወቱ እሰማለሁ። በሌላ ቦታ እናት ልጇ ሲመዘዝላት ደስ ይላታል። በእኛ ከተማ ግን «ልጅሽ አደገ እኮ» ማለት ጠብ መጫር ነበር። የልጆቹ ራስ ይላጫል፤ ጸጉርም ቁመት ነዋ። ገና በስድስት ዓመታቸው ሙሉ እንስራ ያሸክሟቸዋል፤ አንገት ያሳጥራል የሚል ወሬ ስለነበረ። ሰላምታቸው እንኳ «አያድግብሽ» ሆነ። ልጅን «እደግ ተመንደግ» ብሎ መመረቅ ቀረ፤ አንድ የገጠር ሽማግሌ ሳያውቁ እንደዚያ ብለው ሊደበደቡ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህንን ሁሉ ያያል፤ የሚከለክል ሕግ ግን ስለሌለ አይከለክልም።

ዘርትሁን ሰባት ዓመት ሲሞላት ጉልበቷን ማጠፍ ጀመረች። በአባቷ ወጥታ ነው መሰለኝ፣ ከእኩዮቿ በራስ ትበልጥ ነበር። እናቷ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ሰፋችላት፤ ልጅቷ ከቀሚሱ ሥር ጉልበቷን አጥፋ፣ ትከሻዋን ወደ ፊት አምጥታ ከአግዳሚው ሥር ቆመች። ዓይን አለኝ፤ አይቻለሁ። ቀሚሱ ከፊት ለፊት ጉብ ብሎ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ስለ ራስ እንጂ ስለ ጉልበት ያለው ነገር የለም። «ገና» አልኩ። እማዋይሽ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗ ላይ እንባ ሞላ። ያን ቀን ራሴን ደግ ሰው ነኝ ብዬ ቤቴ ገባሁ፤ እራቴንም በደንብ በላሁ።

እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር ነበር። አሰጋኸኝ የልጅቷን ቁመት የሚከታተሉ ሰዎች አሰማራ፤ ውኃ ስትቀዳም፣ ገበያ ስትወርድም ከኋላ ከኋላዋ ይሄዳሉ። ቀና ብላ ከተገኘች ምስክር ሆነው ያስለኳታል። ስለዚህ ዘርትሁን ከቤቷ በር ውጪ ሁልጊዜ ጎንበስ እንዳለች ሆነች። ልጆች ሲሮጡ እሷ እንደ ተሸከመ ሰው ትራመዳለች። ስሟ ቀርቶ «ጎባጣዋ» ተባለች። ቤታቸው ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር እዚያም ቢሆን እንደ ልብ የሚቆምበት አልነበረም።

ይህቺ ልጅ እጇ የተለየ ነበር። አሥር ዓመት ሲሆናት የጎረቤታቸው ፍየል እግሯ ተሰበረ፤ ባለቤትየው ሊያርዳት ቢላ ሲስል ዘርትሁን ለምና ወሰደቻት። በሞቀ ውኃ ጨርቅ እየነከረች፣ ቅቤ እያሸች ስብራቱን ግማሽ ቀን አሞቀችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ገጠመችና በሸምበቆ ደግፋ በእናቷ ቃጫ አሰረችው። ማንም አላስተማራትም። ፍየሏ በወሩ ስትዘል ያዩ ሰዎች ወሬውን ለወጌሾች ቤት አደረሱት። የወጌሾቹ አለቃ፣ ንግግር የማይወዱ አሮጊት፣ ራሳቸው መጥተው የፍየሏን እግር ዳበሱና ልጅቷን እናስተምራታለን አሉ። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ነው፤ የምግቧን ሠላሳ ቁና እህል ግን ቤተሰብ ያመጣል። ቢበዛ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት ቦታዋን እንይዝላታለን ብለው ሄዱ።

እማዋይሽ ይህንን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር። አሰጋኸኝ ላይ የተከማቸው ውዝፍ ያኔ ወደ ሁለት መቶ ቁና ደርሷል፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ብቻ። ሌላውን ይብላው፣ አልፈልግም አለች። ገመድ ገምዶ ሠላሳ ቁና ማጠራቀም እንደማይቻል እኔም አውቅ ነበር። ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ የኖረችው ለዚህ ለአንድ ነገር ነው። ልጇ የወጌሾች ቤት እስክትገባ ድረስ አግዳሚውን እንዳትነካ።

ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ከአባትየው ቤት ስጦታ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ሶሉ ሦስት ጣት የሚወፍር ጫማ ነው፤ ሕጉ በባዶ እግር እንደሚል ማን ነግሮት ይሁን፣ ጫማው ሌላ ጊዜ አልተደገመም። ከዚያ ግን ወተት መጣ። በየማለዳው አንዲት ሠራተኛ ሙሉ ቅል ወተት ይዛ ከእማዋይሽ ደጅ ታስቀምጥና «ለልጄ ብሏል» ብላ ትሄዳለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት የመጣ የመጀመሪያው የሚቀመስ ነገር ይኼ ነበር። ወደ አግዳሚው እየተጠጋች ያለች ልጅ ወተት ብትጠጣ ምን እንደምትሆን የጣውላ ነጋዴም ያውቃል።

እማዋይሽ እኔ ዘንድ መጥታ አልቀበልም ማለት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለት ቃል ብቻ እንደተፈቀደልኝ በእጄ ምልክት ነገርኳት። ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አወራችልኝ። በመጀመሪያው ቀን ወተቱን ለጎረቤት ውሻ ደፋችለት። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ቀና ስትል ልጇ በሩ ላይ ቆማ ውሻው ሲልስ ታያለች፤ ምራቋን ዋጠች። በውሻ የሚቀና ልጅ አሳደግሁ አለች እማዋይሽ። በሦስተኛው ቀን ቅሉን አንስታ ለልጇ ሰጠቻትና «ጠጪ፣ የአባትሽ ነው» አለቻት። ይህንን ስታወራልኝ፣ መነሳት ስለማይፈቀድልኝ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ዘርትሁን በዚያ ዓመት አንድ ስንዝር ተመዘዘች። የምታጥፈውም በዚያው መጠን ጨመረ።

በዓመቱ መጨረሻ አሰጋኸኝ የከተማው አስታራቂ ሽማግሌዎች ወንበር አማረው። ለዚያ ወንበር የሚታጭ ሰው በስሙ የተከፈተ መዝገብ ሊኖርበት አይገባም። መዝገብ ለመዝጋት ደግሞ መገኘት ያስፈልጋል፤ ለመገኘት መጥፋት ግድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰኞ ዕለት ጠፋ። አዲሷ ሚስቱ ጠዋት ለፈላጊው አመለከተች፤ ፈላጊው ቆቡን አድርጎ ወጣና ረፋዱ ላይ ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ አገኘው። በሥራ ዘመኑ ያገኘው የመጀመሪያው አባት ስለነበር አቅፎ ሳመው። «ተገኝቷል» የሚለው ወረቀት ተጻፈ፤ እማዋይሽና ልጇ ተጠሩ። የወጌሾች ቤት ቀጠሮ ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናትየዋ ደርሶልኝ ነው ብላ እየሮጠች መጣች።

ዳኛው ወንበሩን አግዳሚው ፊት አስወጥቶ ተቀመጠ። ዘርትሁን ጫማዋን አውልቃ ከአግዳሚው ሥር ቆመች፣ እንደ ወትሮዋ ጉልበቷን አጥፋ። በቃጭሉና በራሷ መሀል ከክንድ የሚበልጥ ክፍተት ነበር። «ገና» አልኩ።

አሰጋኸኝ ተበሳጨ። የአንድ ዓመት ወተት የት ገባ ብሎ መጠየቅ ግን አልቻለም። ትንሽ አሰበና ወደ ዳኛው ዞረ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይችን ልጅ እስኪ ይመልከቷት። እኛ ዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ድንክ ተወልዶ ያውቃል? እናቴ በር ሲከፈትላት ጎንበስ ብላ ነበር የምትገባው። እኔ ለሌላ ሰው ልጅ ቀለብ የምሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።»

ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ፤ ነገሩ ልክ ነው ማለቱ ነው። ዳኛው ብዙ አልቆየም። ቁመቷ የሱ ዘር ከሆነ ልጁ ናት፤ ካልሆነ ግን እናትየዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱን አታልላለች፤ ቅጣቱም ከነልጇ ከተማውን ለቆ መውጣት ነው አለ። ይህንን ተናግሮ ልጅቷ ቀና እንድትል አዘዘ።

እማዋይሽ ተጠመደች። ልጅቷ እንደታጠፈች ብትቀር ውሸታም ተብለው ይባረራሉ፤ ቀና ብትል ቃጭሉ ይጮሃል። እኔ ሁሉንም አውቅ ነበር፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ዘርትሁን ወደ እናቷ አየች። እናትየዋ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አየችና ድምፅዋን ሳታሰማ ብዙ ተናገረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ጮክ ብላ «ቀና በይ ልጄ» አለች።

ዘርትሁን ቀና አለች። መጀመሪያ ከጉልበቷ፣ ቀጥሎ ከወገቧ፣ ቀስ እያለች ወጣች። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያን ያህል ቁመት ከየት እንደመጣ አላወቀም። አንገቷ የአሰጋኸኝ ነው፣ ትከሻዋ የአሰጋኸኝ ነው፤ ዕውር እንኳ የሚስተው አይደለም። ዳኛው «ልጁ ናት፣ ጻፍ» አለ። ጸሐፊው ጻፈ።

ቃጭሉ ግን አልጮኸም። ልጅቷ ሰባት ዓመት ታጥፋ ስለኖረች ጀርባዋ እስከ ጫፍ አልሄደላትም፤ ጉልበቷም ትንሽ እጥፍ እንዳለ ቀረ። በራሷና በቃጭሉ መሀል ሁለት ጣት ነበር። ሁለት ጣት፣ አዲሱ አግዳሚ የጨመረውን ያህል፤ አያንስም፣ አይበልጥም። እማዋይሽ ይህንን ከእኔ ቀድማ አየች። ልጁ መሆኗ ተጽፏል፤ አግዳሚው አልተነካም፤ እህሉ የእነሱ ነው። ወደ እኔ ዞረችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለው የኖርኩት ቃል።

አፌን ከፈትኩ። ዳኛው እጁን አነሳ።

«በደንብ አልቀናችም» አለ። «ለኪው፣ አቅናት።»

ሕጉ ስለ ራስ እንጂ ስለ ጀርባ አይልም ማለት እችል ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ለራሴ ብዬው ነበርና ቃሉ አልጠፋኝም። ግን ዳኛው እያየኝ ነው፤ ሰዉ እያየኝ ነው፤ ጡረታዬ ስድስት ዓመት ቀርቶታል። ተነሳሁ። አንድ እጄን ወገቧ ላይ፣ አንዱን ደረቷ ላይ አደረግሁና ገፋሁ። ከውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል በእጄ ተሰማኝ። ቃጭሉ ጮኸ።

«አለቀ» አልኩ።

ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ቁና በዚያች ቅጽበት ተሰረዘ። አሰጋኸኝ ደስ ብሎት መጣና እጁን የልጅቷ ራስ ላይ ጭኖ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብሎ መረቃት። በከተማችን ይህ ምርቃት ከተሰማ ስንት ዘመኑ ነበርና አንዳንዶች አለቀሱ። ወዲያው ወንበሩን አገኘ፤ ዛሬም ባልና ሚስት የሚያስታርቀው እሱ ነው።

እማዋይሽ ከልጇ እግር ሥር ተንበርክካ ጫማዋን አጠለቀችላት። አሥራ አራት ዓመት የሆናትን ልጅ ጫማ የምታጠልቅላት ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ልጅቷ ጎንበስ ማለት አልቻለችም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ ብላ፣ አሁን ጎንበስ ማለት አቃታት። ሊሄዱ ሲሉ ዘርትሁን ወደ እኔ ዞረች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር እንደምታስተምር ሰው ረጋ ብላ ተናገረች።

«ጋሼ፣ የተጣመመ አጥንት እንደዚህ አይገፋም። መጀመሪያ ይሞቃል።»

የወጌሾች ቤት አልገባችም። ከከተማው ጫፍ፣ ገመድ ከሚገመድበት ጥላ ሥር፣ ፈቃድ ሳይኖራት የሰውም የከብትም ስብራት ትጠግናለች ይላሉ። ሰው ከሩቅ ይመጣላታል፤ ከወጌሾቹ ቤት ተስፋ የቆረጡትም ሳይቀሩ። የራሷን ጀርባ ግን ማን ይጠግንላታል፤ ዘንግ እየተደገፈች ትሄዳለች አሉ።

እኔ ጡረታ ወጣሁ። ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት መቀመጥ ነው መሰለኝ፣ ወገቤ ከያዘኝ ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ አሁን ጎንበስ ብዬ ነው የምሄደው። ጎረቤቶቼ ሁሉ እዚያች ሴት ጋ ሂድ ይሉኛል፤ በአንድ ቀን አቅንታ ትሰድሃለች ይላሉ። አንድ ሁለቴ እስከ ገበያው በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። እንዳትገፋኝ ፈርቼ አይደለም። ብትገፋኝ እችለው ነበር። የምፈራው መጀመሪያ ታሞቀኛለች ብዬ ነው።